ስለ ጾም በር ዘግቶ መጠየቅ

ጡረታ ከወጣሁ አራተኛ ወር ሆኖኛል፤ ዛሬም ግን ሰው ሲራመድ የማየው እግሩን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ ሽማግሌ ደረጃ ሲወርዱ እግራቸው አየር ላይ መሬቱን ሲፈልግ አየሁና "አባቴ፣ የዓይን ሞራዎን ታይተዋል?" ብዬ አስቆምኳቸው። አብራኝ የነበረችው ልጄ አፈረች። "እማዬ፣ ጡረታ ወጥተሻል እኮ!" አለችኝ። ጡረታ የወጣው ደመወዜ ነው እንጂ ዓይኔ አይደለም አልኳት።

ሠላሳ አራት ዓመት የዓይን ነርስ ሆኜ ላስታን ዞሬያለሁ። ስለ ሥራሽ ጻፊ ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ የሚጠብቁትም ያበራኋቸውን ዓይኖች ታሪክ ነው። እሱን ሌላ ሰው ያወራዋል። እኔን ብዕር ያስያዘኝ ያላተረፍኩት አንድ ዓይን ነው፤ ደግሞም በዚያ ዓይን ሰበብ ያወቅሁትና እስከ ዛሬ የሚደንቀኝ በሽታ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ጋሸና ነበር። የጋሸና የዓይን በሽታ ግማሹ አቧራ፣ ግማሹ በርበሬ ነው። የመኪና ረዳቶች ብናኝ ገብቶባቸው፣ የምግብ ቤት ሴቶች በርበሬ ሲደልዙ በእጃቸው ዓይናቸውን አሽተው፣ በያጆች ደግሞ ያለ መነጽር በይደው ሌሊቱን ሲያለቅሱ አድረው ይመጣሉ። አለቃዬ ሪፖርት የሚወድ ሰው ነበር። እኔ አንድ ሰው አከምኩ ብዬ ስጽፍ እሱ "ሁለት ዓይን" ብሎ ያስተካክለዋል። አንድ ጊዜ አንድ ዓይና ሰውዬ መጡና "እኚህንስ እንዴት ልመዝግባቸው?" ብዬ ብጠይቀው ሦስት ቀን አኮረፈኝ።

ሥራ የተማርኩት ግን ብልባላ ነው። እዚያ ጋሽ ስጦታው የሚባሉ፣ ከቁስል አሻጊነት፣ ከድሬሰርነት ተነስተው ዕድሜያቸውን በሙሉ ዓይን ላይ የጨረሱ ሰው አገኘሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀልድ የማይወዱ የሚመስሉ ግን ቀልደኛ ሰው ነበሩ። በሽተኛ ሲገባ ቀና ብለው ፊቱን አያዩም። "ዓይንን ከእግር ጀምረሽ እዪ" ይሉኛል። እግሩን እየጎተተ የሚመጣው፣ ከፍ አድርጎ የሚረግጠው፣ የሰው ትከሻ ይዞ የሚገባው፣ ሁሉም ገና ሳይቀመጥ ነግሮናል ማለት ነው። ከዚያ እጃቸውን ለብ ባለ ውሃ ታጥበው አንገታቸው ላይ ይለኩታል፤ በቀዘቀዘ ጣት የሰው ዓይን ቆብ ነክተው አያውቁም። የላይኛውን ቆብ በክብሪት እንጨት ገልብጠው ትራኮማውን ሲያሳዩኝ በሽተኛው እንኳ መገልበጡን የሚያውቀው ከመለሱት በኋላ ነው። ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት በወረንጦ ስነቅልም "ነቀልሽ ወይስ ሰበርሽ? ዳብሺው" ይሉኛል። ተሰብሮ የቀረ ጉቶ ከረጅሙ ይልቅ ብሌን ይፍቃልና በጣቴ ዳብሼ እስካረጋግጥ ድረስ አይለቁኝም።

ሁለት ነገራቸው እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። አንዱ የሽምብራ ፈተናቸው ነው። ሲመሽ አላይም የሚል ሰው ሲመጣ ዳፍንት መሆኑን በወሬ አያምኑም። ከፀሐይ ላይ ያስነሱትና መስኮቷ የተዘጋ ክፍል ውስጥ አብረውት ይገባሉ። መሬት ላይ ጥቁር ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ አሥር ፍሬ ሽምብራ አለ። በሩን ዘግተው እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ደንብ በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ "እግዚኦ" ማለት ይጀምራሉ። ሽምብራው ለእሳቸው ዓይን ሲገለጥ ስንተኛው እግዚኦ ላይ እንደሆነ ይይዛሉ፤ በሽተኛው መልቀም ሲጀምርም ይይዛሉ። ሁለቱ ቁጥር ከተራራቀ ዳፍንት ነው። አርባ አንዱን እግዚኦ አድርሰው ጨርቁን የሚዳብስ ሰው አጋጥሞናል።

ሁለተኛው ደብተራቸው ነው። ሽፋኑ ላይ "ያልገባኝ" ብለው ጽፈውበታል። አክመውት እንደ ሕጉ ያልዳነ ሰው ሁሉ እዚያ ውስጥ አንድ ገጽ አለው። "የገባኝንማ መጽሐፉም ያውቀዋል" ይላሉ። ወደ ላሊበላ ስዛወር አዲስ ደብተር ገዝተው፣ ሽፋኑ ላይ ያንኑ ቃል ጽፈው ሰጡኝ። ስጦታው መሆኑ ነው፤ እኔ የጠበቅሁት ነጠላ ነበር።

ላሊበላ ውስጥ ዳፍንት ያለበት ሰው ብዙ ሊደበቅ አይችልም። ከሚያንጸባርቀው ፀሐይ ተነስቶ ወደ ድንጋዩ ውስጥ ሲገባ ሌላው ሰው ቆም ብሎ፣ ዓይኑ ሲለምድለት ይቀጥላል። ዳፍንታሙ ግን እዚያው በሩ ላይ ይቀራል። መሪጌታ ጥበቡም ልጃቸውን ያወቁባት እንዲህ ነበር። ፈንታዬ ስምንት ዓመቷ ነው። በዋሻው መተላለፊያ አብራቸው ስትገባ ቀሚሳቸውን ጨምድዳ ይዛ አልሄድም አለች። ፈርታ መስሏቸው ተቆጧት። በማግሥቱ ያው፣ በሳልስቱም ያው ሆነባቸው። ከዚያ ይዘዋት መጡ።

ወሩ የዐቢይ ጾም ነው። አግዳሚው ወንበር ሞልቷል፤ ካህናት፣ ባልቴቶች፣ ከገጠር የመጡ እናቶች ተቀምጠዋል። ልጅቷ ከሲታ ናት፣ ሆዷ ነፋ ብሏል፣ ታስላለች። ለሳምባዋ ሁለት ጊዜ ረጅሙን የነቀርሳ መድኃኒት ጨርሳለች አሉኝ። ዓይኗን ገለጥ አደረግሁ። ነጩ ላይ፣ ወደ ጆሮዋ በኩል፣ የሳሙና አረፋ ጠብ ያለበት የሚመስል ነጭ ምልክት አለ፤ ብሌኗም ወዙ ጠፍቶ ደርቋል። ይህን መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። የሽምብራ ፈተናውን እንኳ አላደረግሁም፤ ምን ያደርግልኛል ብዬ። የመሪጌታ ልጅ፣ ሰባት ዓመት ያለፋት፣ በዐቢይ ጾም! ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንደሚባለው እኔም እዚያው ፈረድኩ።

"መሪጌታ፣ ልጅቷ ትጾማለች?" አልኳቸው። ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ ድምፄን እንኳ ሳልቀንስ።

አንገታቸውን ደፉ።

"ይንገሩኝ እንጂ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።"

ዝም አሉ።

"እግዜር የታመመ ልጅ ጹም አላለም። ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል ይስጧት። ዓይኗ ከጠፋ በርስዎ አንገት ነው" አልኳቸው። ወንበሩ ላይ ያሉት ሁሉ እኔንና እሳቸውን ያያሉ። ለእኔ ዝምታቸው "አዎ" ነበር። የቫይታሚኑን እንክብል ቆርጬ ዘይቱን አፏ ውስጥ ጨመቅሁላት፤ የሚቀጥለውን መጠን ቀን ነግሬ ሸኘኋቸው። የሚገርመው፣ ያን ቀን ማታ ደህና ሥራ ሠራሁ ብዬ ተኝቻለሁ።

በቀጠሮዋ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሰጠኋት። እንደ ሕጉ ቢሆን ዳፍንቱ በቀናት ውስጥ ይለቃል። ፈንታዬ ግን ያው ናት። አሁንም የሚያስጾሟት መሰለኝና የመሪጌታን ዓይን ማየት ጨርሶ ጠላሁ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት አዝለዋት ሲመጡ ግራ ዓይኗ ጨፍኖ ነበር። ቆቡን ቀስ ብዬ ገለጥኩት። ብሌኗ ሟሙቷል። ሌላ የምለው ቃል የለኝም፤ በሙቀት እንደ ለሰለሰ ሻማ ሆኖ ቀልጧል። በዚያው ቀን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላክናት፤ ግራው ግን አልተመለሰም። ሐኪሞቹ ቀኙም በዚያው መንገድ ላይ ነው ብለው ጻፉልኝ።

"ያልገባኝ" ደብተር ላይ ስሟን ጻፍኩና ከስሟ በታች የምጽፈው አጣሁ። እንክብሉን በገዛ እጄ ሰጥቻታለሁ። ታዲያ የት ገባ?

ጋሽ ስጦታው ያኔ ጡረታ ወጥተው ብልባላ ቤታቸው ነበሩ። እሁድ ቀን ሄድኩና አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ስለ እንክብሉ፣ ስለ መጠኑ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን "መሪጌታን ጾሙን የጠየቅሻቸው የት ነው?" አሉኝ።

"ክሊኒኩ ውስጥ።"

"ክሊኒኩማ ይታወቃል። ወንበሩ የት ነበር? በሩስ?"

"በሩ ክፍት ነው። ሰዉ ተራ እየጠበቀ ነበር።"

"ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ልጄ" አሉ። "ካህን ሰው ፊት ስለ ጾም ሲጠየቅ የሚመልሰው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ 'አዎ፣ ትጾማለች'። ያንን መልስ ስላልሰጡሽ ነበር መጠርጠር የነበረብሽ። ሂጂ፣ ቤታቸው ሂጂ።"

በማግሥቱ ሄድኩ። ከተማው ዳር፣ ከአንዲት ላም ጋር የሚኖሩ ቤተሰብ ናቸው። እናትዬዋ ታደለች ትባላለች፤ እግሯን ታማ ስለነበር አንድም ቀን ክሊኒክ መጥታ አታውቅም። ፈንታዬ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፤ አንዲት ጥጃ አጠገቧ ቆማ ክንዷን ትልሳለች። ልጅቷ ትገፋታለች፣ ጥጃዋ ትመለሳለች።

"ተያት እቴ፣ ለምዳለች" አለችኝ ታደለች ሳየው። "ሌላ ሰው አትልስም። እሷን እንደ አሞሌ ነው የምትልሳት። እኔም ስስማት ጨው ጨው ትለኛለች እኮ! ከተወለደች ጀምሮ። ፀሐይ ስትመታት ላቧ ሲደርቅ ነጠላዋ ላይ ነጭ ይሠራል።"

ይህን በጆሮዬ ሰምቼ በልቤ አላለፍኩትም። ደብተሬን አወጣሁ። "ሰገራዋስ?" አልኳት።

"ምኑን ልንገርሽ! ቅባት ነው። ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሽታውም አይጣል ነው።"

"ቅባት ከየት መጣ? ስትጾም አልነበር እንዴ?"

ታደለች ወደ በሩ አየች። ተነስታ እያነከሰች ሄዳ ዘጋችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ፈንታዬ ጾማ አታውቅም። ገና ከመታመሟ መሪጌታ ለነፍስ አባታቸው ነግረው አስፈቅደውላታል። በዐቢይ ጾም በየጠዋቱ ቅቤ ትበላ ነበር፤ ሽታው ጎረቤት እንዳይደርስ ሳይነጠር፣ ለጋውን። ቅቤውን ከገጠር ተሸሽገው የሚያመጡት ራሳቸው መሪጌታ ነበሩ።

እኔ ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት ልጅህን በጾም ገደልክ ያልኩት ሰው፣ ጾሙን ስለ ልጁ በድብቅ የተሸከመ ሰው ነበር። አፈርኩ። ከሐፍረቱም የባሰው ሌላ ነው። በር ዘግቼ ጠይቄ ቢሆን "በየቀኑ ቅቤ ትበላለች" ይሉኝ ነበር። በየቀኑ ቅቤ የምትበላ ልጅ ዳፍንት ከያዛት ደግሞ ጥፋቱ ከሌማቱ ሳይሆን ከአንጀቷ ውስጥ ነው። ያኔ አውቄው ቢሆን ግራ ዓይኗ ይተርፍ ነበር ይሆን? ሐኪሞቹ አይታወቅም ይሉኛል። እኔ ግን አውቃለሁ።

ስሟም ብቻ ይበቃኝ ነበር። ፈንታዬ የሚባል ልጅ በሞተ ልጅ ፈንታ የመጣ ነው። ታደለችን ጠየቅኋት፤ ሁለት ቀደም ብለው የሞቱ ነበሩ፣ ሁለቱም እያሳላቸው፣ ሁለቱም ሲስሟቸው ጨው ጨው የሚሉ።

ማታውኑ ሥልጠና ላይ ለተዋወቅሁት የሕፃናት ሐኪም ደወልኩና የጻፍኩትን አነበብኩለት፤ ሳሉን፣ ቅባቱን፣ ጥጃዋን። ጥጃዋ ላይ ስደርስ "ቆይ ሲስተር፣ እስቲ ድገሚው" አለኝ። ከዚያ "ሲስቲክ ፋይብሮሲስ" የሚል ስም ነገረኝ። እኔ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። መጽሐፉ የፈረንጅ ልጆች በሽታ ያደርገዋል፤ እኛ ዘንድ ግን ስላልተፈለገ ይሁን ስለሌለ ማን ያውቃል አለኝ። የላብ ምርመራው እንደ ልብ የሚገኝ አልነበረም። ወራት ፈጅቶ፣ ከውጭ የመጡ ሐኪሞች አይተዋት ተረጋገጠ።

ነገሩ ለራሴ እስኪገባኝ ሐኪሙን ስንት ጊዜ አስደገምኩት! ከእናትም ከአባትም የሚወረስ ነው፤ ሁለቱም ሳይታመሙ ተሸክመውት ይኖራሉ። በሰውነት ውስጥ ቀጭን መሆን የሚገባው ፈሳሽ እንደ ሙጫ ይወፍራል። ሳምባን ይይዛል፤ ሳሉ እሱ ነው። የቆሽትን ቱቦም ይደፍናል። ቅባት የሚፈጨው ከቆሽት የሚመጣ ኢንዛይም ነው፤ እሱ ከሌለ ቅቤው እንደገባ ይወጣል። ቫይታሚን ኤ ደግሞ በቅባት ጀርባ ተፈናጦ የሚሄድ መንገደኛ ነው። በቅሎዋ ካለፈች እሱም አብሮ አለፈ። የእኔ እንክብልም ዘይት ነበር። የዓይን በሽታ ከሆድ ተነስቶ፣ በላብ ተናግሮ፣ ጥጃ ቀድማን አወቀችው። ይህ አይገርምም?

የላቡ ውጤት እስኪመጣ ግን አልጠበቅንም። ቀኙን ለማትረፍ ቫይታሚኑን በመርፌ፣ ሆዷን ሳይነካ ጀመርንላት። በሦስተኛው ሳምንት የሽምብራ ፈተናውን አደረግሁላት። እኔ በዘጠነኛው እግዚኦ አየሁ፤ እሷ በሃያ ስድስተኛው አንድ ፍሬ አነሳች። ያችን አንድ ሽምብራ ደብተሬ ውስጥ በፕላስተር ለጥፌያታለሁ፤ አሁንም አለች።

መሪጌታን ይቅርታ ለመጠየቅ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ድረስ ሄድኩ። ዛፍ ሥር ቆመው ሰሙኝ። "ይፍቱኝ" አልኳቸው።

"እኔን ማን ይፍታኝ፣ ሲስተር?" አሉኝ። "እርስዎ በጠየቁኝ ጊዜ 'ኧረ ትበላለች' ማለት አቅቶኝ አልነበረም። እዚያ ወንበር ላይ ያሉትን ፈርቼ ነው። ለልጄ ዓይን ሳይሆን ለስሜ ተጨነቅሁ።" መነጽራቸውን አወለቁና በነጠላቸው ጠረጉት። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ቀን ወዲህ ክሊኒኩ ውስጥ ስለ ጾም የጠየቅሁት ሁሉ በር ዘግቼ ነው፤ ያሠለጠንኳቸውንም ነርሶች መጀመሪያ ያስተማርኳቸው ይህንኑ ነው። ሲያሾፉብኝ "የሲስተር በር" ይሉታል።

ፈንታዬ አልዳነችም፤ የሚድን በሽታ አይደለም። ኢንዛይሙን ከምግብ ጋር ትውጣለች፤ የሚመጣው ከሩቅ፣ በሰው ሻንጣ ነው። መንገዱ በተዘጋባቸው ወራት አልቆባት ዳፍንቱ ተመልሶ ነበር፤ በመርፌ ይዘን አቆየናት። ሳምባዋም ክረምት በመጣ ቁጥር ያስፈራኛል። ግን አሥራ አምስት ሞላት፣ በአንድ ዓይኗ ታነባለች፣ ነገረኛም ሆናለች።

ሥራ ልለቅ ሳምንት ሲቀረኝ ከአባቷ ጋር መጣች። እንደ መጀመሪያው ጊዜ ሁሉ ዐቢይ ጾም ነው፣ ወንበሩም ሞልቷል። መሪጌታ ወንበሩ ላይ ቀሩ። ከፀሐዩ ይዣት ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ በአንጓዬ መቁጠር ጀመርኩ። ሰባተኛው እግዚኦ ላይ ስደርስ የሆነ ነገር እጄ ላይ ተንኳኳ። አሥሩንም ሽምብራ መዳፌ ላይ አፍስሳለች። እኔ ገና ጨርቁን እንኳ አላየሁትም ነበር።

"ሲስተር፣ ኧረ እርስዎ ነዎት ዳፍንታሟ!" ብላ ሳቀች።

ሳቅሁም አለቀስኩም። ከዚያ እንደ ልማዴ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ቅቤውንስ?" ልላት ስል፣ ልጅቷ ተነስታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ።

"ቅቤዬንማ በልቼ ነው የመጣሁ!" አለች፣ ወንበሩ ሁሉ እንዲሰማ። "ኢንዛይሜንም አብሬ ውጫለሁ። መድኃኒቴ ነው።"

አንዲት ባልቴት አማተቡ። እኔ መሪጌታን አየሁ፤ ያ ቀን መጣብኝና አንገታቸውን የሚደፉ መሰለኝ። እሳቸው ግን መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ብድግ አሉ።

"እውነቷን ነው" አሉ። "ዛሬ ጠዋት ያነጠርኩላት እኔው ነኝ። ሽታው ሰፈሩን አዳርሷል፤ ያልሰማችሁ ካላችሁ ስሙ።"

ከወንበሩ ጫፍ፣ አንድ ሕፃን በነጠላዋ ሸፍና ያቀፈች የገጠር ሴት ተነሳች።

"ሲስተር፣ እንግዲያው እኔም የምነግርዎ አለኝ" አለች።

ተራዋ አልነበረም። አስገባኋት።